ያገለገለ ልብስ

ሰኔ 3 ቀን 1980፣ ደብረ ብርሃን

ዝናቡ ገና ነው፤ ጉሙ ግን ጀምሯል። ጠዋት ከቤት ስወጣ የብርድ ልብስ ፋብሪካው ጭስ ማውጫ ጫፉ ብቻ ይታይ ነበር። ከሥሩ ምንም የለም። ከተማው ሌሊት ተነሥቶ የሄደ ይመስላል።

መጻፍ የጀመርኩት ሥራዬ ዝም የሚያሰኝ ስለሆነ ነው። ከመኪና ማቆሚያው ጀርባ ባለው የዘማች ቤተሰብ ጥቅል ማደያ ቀኑን ሙሉ ከጥቅል ጋር እውላለሁ። ከሰሜን፣ ከጦር ግንባር፣ ዘማች ልጆቹ የሚልኩት እዚህ ይራገፋል፤ እናቶች ወደ ሰሜን የሚልኩትም ከዚህ ይጫናል። የእኔ ድርሻ የጥቅሉን ዓይነት መለየት ነው። ምግብ ከሆነ ቶሎ መሄድ አለበት፤ መጽሐፍ ከሆነ ከእርጥብ ግድግዳ ይርቃል፤ የሚሰበር ከሆነ ምንም አይጫነውም። መክፈት ግን ክልክል ነው። ዓይነቱን የማውቀው ላኪው በሲባጎ ካንጠለጠለው የመለያ ወረቀት ነው። ኃላፊያችን አቶ ወርቅአገኘሁ መጀመሪያ ቀን የነገሩኝ ይህንኑ ነው። «እኛ የምናውቀው የተጻፈውን ነው፤ ውስጡን ባለቤቱ ይወቀው» አሉኝ።

ወረቀቱ ከጠፋ ቅርጹን አያለሁ፣ አሸታለሁ፣ ቀስ አድርጌ እነቀንቃለሁ። በዚህም ካልታወቀ «ልዩ ልዩ» ብዬ እጽፍና መጨረሻው መደርደሪያ ላይ አኖረዋለሁ። እዚያ የገባ ነገር ሳይነካ ብዙ ይቆያል።

ጠዋት ጆንያው እንደተራገፈ አስቀድሜ የማየው የተቀባዮቹን ስም ነው። የአንኮበር ስም ካለ ለብቻው አደርገዋለሁ። ለሥርዓት ያህል ነው።

ዛሬ የለም።

ሰኔ 7

ዝናብ። ጣራው ያፈሳል፤ ባልዲ አስቀመጥን። የአንኮበር የለም።

ሰኔ 17

ዛሬ ሳቅን። ከመዘዞ የመጣ አንድ ካርቶን «መጻሕፍት» የሚል ወረቀት ተንጠልጥሎበት የመጻሕፍቱ መደርደሪያ ላይ አስቀምጬው ነበር። ጠዋት ስገባ ጉንዳን ከበሩ ጀምሮ ተሰልፎ ካርቶኑ ጥግ ላይ ደርሷል። በጣቴ ነክቼ ቀመስኩት፤ ማር ነው። ለላኪዋ እናት ወረቀቱን የጻፈላት ሰው ከእሷ በፊት የነበረውን መለያ እየገለበጠ ነበር ማለት ነው። ለአቶ ወርቅአገኘሁ፣ ዓይነቱን ልለውጠው ወይ ብላቸው፣ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ጉንዳኑን አዩት።

«ወረቀቱ መጻሕፍት ካለ መጻሕፍት ነው» አሉ። «ጉንዳኖቹም የተማሩ ናቸው።»

እንዲሁ መጽሐፍ ሆኖ ተጫነ። ሲጫን እያየሁ፣ አንድ ወታደር ሸክሙን ፈትቶ መጽሐፍ ሲጠብቅ ማር ሲያገኝ ይታየኝ ነበር። ከሰዓቱን ሙሉ ፊቱን ስስለው ዋልኩ። ልስለው ስሞክር የዘማቹ ወንድሜ፣ የዘርአ ዳዊት ፊት ይሆንብኛል። ወንድሜ ማር አይወድም፤ ስለዚህ እሱ ሊሆን አይችልም።

ሰኔ 24

ወለተ ጊዮርጊስ የምትባል የእነዋሪ ሴት መጣች። አውቃታለሁ፤ ግንቦት መጨረሻ ላይ ከሰሜን የመጣ ጥቅል ወስዳለች። መለያው «ያገለገለ ልብስ» ይል ነበር። ያን ቀን ጥቅሉን ታቅፋ፣ አዲስ ሰጥተውት አሮጌውን ለወንድሙ መላኩ ነው ብላ ደስ አላት። እኔም እሰይ አልኳት። እሰይ ብያታለሁ።

ዛሬ ጥቁር ለብሳለች። ሰልፍ አልያዘችም፤ ሰዉም ምንም አላላትም። መስኮቱ ላይ ተደግፋ፣ ልጇ መነጽር ያደርግ እንደነበር፣ ከልብሱ ጋር መነጽሩ እንዳልመጣ፣ ምናልባት መደርደሪያ ሥር ወድቆ እንደሆነ እንድፈልግላት ለመነችኝ። ተንበርክኬ ከአንዱ ግድግዳ እስከ ሌላው ፈለግሁ። አቧራ፣ የሲባጎ ቁራጭ፣ አንድ የሸሚዝ ቁልፍ። ቁልፉን አሳየኋት።

«የሱ አይደለም» አለች። ቢሆንም በመሐረቧ ቋጥራ ይዛው ሄደች።

ማታ ሳስበው፣ ወረቀቱ አልዋሸም። ጥቅሉ ውስጥ የነበረው በእርግጥም ያገለገለ ልብስ ነው። ማን እንዳገለገለበት፣ ለምን ባለቤቱ እንዳልፈለገው ለመጻፍ ግን በወረቀቱ ላይ ቦታ የለም።

ሐምሌ 2

ከዚያ ወዲህ እከታተላለሁ። ከሰሜን «ያገለገለ ልብስ» ተብሎ የመጣ ሁሉ ግራጫ ሸራ፣ ግራጫ ሲባጎ ነው። የወሰደች እናት በሳምንቱ ጥቁር ለብሳ በገበያ ትታየኛለች፤ ወይም ጨርሶ አትታይም። ሰልፍ ላይ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ። አንደኛዋ፣ እከሊት አሮጌ ልብስ መጣላት አሉ፣ አለች። ሌላዋ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እንግዲህ ሁሉም ያውቃል። የማያውቀው የሚቀበለው ብቻ ነው።

ሕልም አየሁ። ማደያው ጣራ የለውም፤ የበሬሳ ወንዝ ሜዳ ሆኗል። ጥቅሎቹ እንደ በግ ተኝተው ይተነፍሳሉ። በመካከላቸው እየሄድኩ አንገታቸው ላይ የታሰረውን ወረቀት አነባለሁ። ፊደሉን አላውቀውም፤ ግን ይገባኛል። አንዱ በግ ቀና ብሎ አየኝ፣ አፉን ሊከፍት ሲል ነቃሁ። ጠዋት ሥራ ስገባ እያንዳንዱን ጥቅል በቀስታ ነበር የማነሣው።

ሐምሌ 8

በጥድፊያ። መኪናው ዘግይቶ ገባ። ስሞቹን አየሁ፤ የአንኮበር የለም። ግን አንድ ግራጫ ሸራ፣ «ያገለገለ ልብስ»። ለኩብራ፣ አልዩ አምባ።

እትዬ ኩብራ።

ሰው ሳያየኝ መጨረሻው መደርደሪያ ላይ፣ ከኋላ አስገባሁት። ለጊዜው ነው።

ሐምሌ 9

ትናንት አልጨረስኩትም። እትዬ ኩብራ የቆላ ነጋዴ ናቸው። በርበሬና ሎሚ በአህያ ጭነው ሽቅብ አንኮበር ይወጣሉ፤ ከአንኮበር በጭነት መኪና እዚህ ይመጣሉ። ሸጠው ሲጨርሱ መስኮቴ ላይ መጥተው «የዓወል ነገር?» ይላሉ። ዓወል ልጃቸው ነው፣ ዘማች ነው። ካልመጣ «አልሐምዱሊላህ፣ ይመጣል» ብለው ይመለሳሉ። ሲሄዱ ሁልጊዜ ሎሚ ይተዉልኛል። በዚህ ብርድ አገር ሎሚ ከሌላ ዓለም የመጣ ብርሃን ይመስላል፤ መስኮቱ ላይ ደርድሬ አየዋለሁ።

ጥቅሉን የደበቅሁት ላረዳቸው ስለማልችል ነው። ማርዳት የእኔ ሥራ አይደለም። ሽማግሌ አለ፣ ቀበሌ አለ። እኔ ዓይነት ነው የምለየው።

ሐምሌ 12

መጡ። «የዓወል ነገር?» አሉኝ። አልመጣም አልኳቸው። ቃሉ ከአፌ በቀላሉ ወጣ።

«ከስተሻል፣ ልጄ» አሉኝ። ሎሚ ሰጡኝ። አልቆረጥኩትም።

ሐምሌ 18

ትናንት አረፋ ነበር። እትዬ ኩብራ ዛሬ በጠዋት የመጡት ለመቀበል ሳይሆን ለመላክ ነው። ከዕርዱ የዓወልን ድርሻ ቋንጣ አድርገው፣ ከአዋዜ ጋር በጨርቅ ጠቅልለው አመጡልኝ። እሱ በሌለበት አረፋ አልጣፈጠንም፤ ይህን ሲበላ ግን ከእኛ ጋር እንደበላ ይቆጠራል፣ ብለው አጫወቱኝ።

መለያውን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ እሳቸው መጻፍ አይችሉም። ብዕሩን ይዤ ብዙ ቆየሁ። «ምግብ» ብዬ ጻፍኩ። ተቀባይ፦ ዓወል። ከኋላዬ፣ ከአንድ ክንድ በማይበልጥ ርቀት፣ ያ ሸራ ተቀምጧል። እትዬ ኩብራ ወረቀቱን ተቀብለው ማንበብ እንደሚችል ሰው አዩትና «ጥሩ ጽሑፍ ነው» አሉ።

ምግብ ስለሆነ ቅድሚያ ነበረው። በቀትሩ መኪና ሄደ። መኪናው በደብረ ሲና መንገድ ጉሙ ውስጥ ሲገባ አየሁት፤ የኋላ መብራቱ ሁለት ቀይ ፍሬ ሆኖ ቆየና ጠፋ። ያ ቋንጣ አሁን ወዴት ነው የሚሄደው? ማንም በሌለበት አገር፣ ማንም በሌለበት መስኮት ላይ ተቀምጦ ሲጠብቅ ይታየኛል።

ሐምሌ 24፣ አንኮበር

እሑድ ስለሆነ አባባን ልጠይቅ መጣሁ። አባባ ከቅዳሴ ወጥተው ነበር። ስለ ዝናቡ አወራን፤ ስለ ገብስ፤ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ጣራ። አባባ፣ ቄስ ገብረ ጻድቅ፣ ዝም ማለት የሚችሉ ሰው ናቸው፤ ልጃቸውም እንደሳቸው ነኝ። ሁለታችንም ያልጠራነው አንድ ስም በመካከላችን ተቀምጦ አብሮን ምሳ በላ።

ስነሣ ብቻ፣ ፊታቸውን ወደ እሳቱ አዙረው፣ በማደያው የእኛ አገር ሰው ስም ያጋጥምሻል ወይ ብለው ጠየቁኝ። የለም አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከዘርአ ዳዊት ከፋሲካ ወዲህ ወሬ የለም፤ እኔም አልጻፍኩለትም። ሥራ በዝቶብኝ ነው። ደግሞም የጻፉት ነገር «ተቀባዩ የለም» ተብሎ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ካልጻፉ የሚመለስ የለም።

ነሐሴ 3

ሌሊቱን የጣለው ዝናብ ጣራውን ከፈተው። ጠዋት ስገባ መጨረሻው መደርደሪያ ውሃ ጠጥቷል። አቶ ወርቅአገኘሁ እጅጌያቸውን ሰብስበው እያወጡ ነበር። ያን ሸራ ከኋላ ጎትተው አወጡት። መለያው ላይ ሰማያዊ ቀለም ብቻ ቀርቷል፤ ዓይነቱም፣ ተቀባዩም አንድ ላይ ፈስሰው ደመና ሆነዋል።

«ይህ ምንድነው?» አሉኝ።

አላውቅም አልኩ።

አገላብጠው አዩት፣ ነቀነቁት፤ ድምፅ የለውም። እንግዲህ ዓይነትም ባለቤትም የሌለው ነው፤ ዓርብ በሚሄደው መኪና ወደ መጣበት ይመለስ፤ እዚያ ያውቁታል፤ ካላወቁትም ያቃጥሉታል፣ አሉ። ይህን ሲሉ ክፋት አልነበረባቸውም። ሥርዓቱ እንዲያ ነው።

በዚህ ቤት የማን እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ነሐሴ 4

ብመልሰው ማንም አያውቅም።

እትዬ ኩብራ በየገበያው ቀን ይመጣሉ። «የዓወል ነገር?» ይላሉ። እኔም አልመጣም እላለሁ፤ እውነትም ይሆናል። እስከ መቼ? እሳቸው እስኪያረጁ። እኔ እስካረጅ።

መጠበቅ ከማወቅ ይሻላል እል ነበር። ለማን እንደሚሻል ራሴን አልጠየቅሁም።

ጾም ላይ ነኝ፤ ግን የማልበላው ስለ ጾሙ አይደለም።

ነሐሴ 5

ወሰድኩት። በጋቢዬ ጠቅልዬ ጀርባዬ ላይ አደረግሁት፣ ልጅ እንደታዘለ። አቶ ወርቅአገኘሁ በሩ ላይ ነበሩ። አዩኝ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ፤ እስክወጣ ድረስ ይጠርጉ ነበር። በአንኮበር መኪና ተሳፈርኩ።

ነሐሴ 7፣ አንኮበር

ትናንት ቆላ ወርጄ ዛሬ ተመለስኩ። አባባ ስለ ምንም ሳይጠይቁኝ እግሬን በሙቅ ውሃ አጠቡኝ። እንደሆነው ልጻፈው።

ከአንኮበር ስነሣ ጉሙ የገዛ እጄን አያሳየኝም ነበር። ቁልቁለቱን በእግሬ ሳይሆን በእንቅልፌ የምወርደው መሰለኝ፤ ድንጋዩ ራሱ እየመጣ ከእግሬ ሥር ይገባል። የሚወጡ ሰዎችን ድምፅ እሰማለሁ፣ ሰላም እንባባላለን፣ ፊታቸውን አላይም። ጥቅሉ በጀርባዬ ሙቀቴን ወስዶ ሞቆ ነበር። መንገድ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሳላስበው፣ እሽሩሩ እንደሚሉት ወዘወዝኩት።

ከአጋማሹ በታች ጉሙ አለቀ። እንደ ጣራ ከላዬ ቀረ። ከሥር ፀሐይ ነው፣ ማሽላ ነው፣ ሞቅ ያለ አየር ነው። እዚህ ታች የላይኛው አገር ወሬ የማይሠራ መሰለኝ። እዚያው ቁጭ ብዬ ብቀር ወደድኩ።

እትዬ ኩብራን ደጃፋቸው ላይ በርበሬ ሲቀነጥሱ አገኘኋቸው። መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ ጀርባዬን አዩ። ተነሥተው እጃቸውን ታጠቡ፣ ቀስ ብለው፣ ሁለት ጊዜ። «ግቢ» አሉኝ። የእኛን ጾም ያውቃሉ፤ የሽንብራ ቆሎና ውሃ አቀረቡልኝ። ካልቀመስኩ እንዳላወራ ከለከሉኝ። ቀመስኩ።

ከዚያ ነገርኳቸው። ጥቅሉ ከአረፋ በፊት መምጣቱን። ደብቄው መክረሜን። ወረቀቱ ላይ ምን ተጽፎ እንደነበረ፤ ያ ጽሑፍ በሌሎች እናቶች ቤት ምን ሆኖ እንደገባ። ስጨርስ ውጭ ሰው በቅርብ አህያ ይነዳ ነበር። ድምፁ ርቆ እስኪሄድ ጠበቁ።

«ስለዚህ አንቺ ልጄን ቀብረሽዋል» አሉኝ። ድምፃቸው አልከረረም። «ቋንጣውን ስትቀበዪኝም ቀብረሽው ነበር።»

አዎ አልኩ።

«እኔ ደግሞ ስትከሺ እያየሁ ላንቺ ዱዓ አደርግ ነበር።»

ቢጮሁብኝ ይቀለኝ ነበር።

ሲባጎውን አልቆረጡትም፤ ቋጠሮውን በጥፍራቸው ፈቱት። ሸራውን ሲገልጡ መጀመሪያ የወጣው ሽታ ነው፤ የሐኪም ቤት ሽታ፣ አባባ በተኙበት ጊዜ ያሸተትኩት። ከዚያ አንድ ሸሚዝ። ከዚያ ሱሪ። የሱሪው ቀኝ እግር ከታች እስከ ጭን በመቀስ ተቀዷል። እንደተቀደደ ግን አልቀረም፤ በወፍራም ነጭ ክር መልሰው ሰፍተውታል፤ ስፌቱ ሰክሮ የሄደ ሰው ዱካ ይመስላል። ከሥሩ በኪሮሽ የተሠራ ነጭ ቆብ ነበረ። ክሩ ያው ነው። አሠራሩም ያው፤ እዚህ ጠበቅ፣ እዚያ ልል፣ አንድ ቦታ ተዘልሎ።

እትዬ ኩብራ ሱሪውን በአንድ ጉልበታቸው፣ ቆቡን በሌላው ላይ አደረጉ። ሐኪሞች ቁስል ለማየት ልብስ በመቀስ እንደሚቀዱ ነገርኳቸው።

«የቀደዱትስ እነሱ ይሁኑ» አሉ። «የሰፋው ማነው?»

ጣታቸውን በስፌቱ ላይ አስኬዱት። ከዚያ በቆቡ ላይ። እንደገና በስፌቱ ላይ።

«ዓወል ቁጭ ብሎ አያውቅም» አሉ። «ከአህያ ጋር ነው ያደገ። ምግቡን እንኳ ቆሞ ነው የሚበላ። መርፌ ብትሰጪው በምን በኩል እንደሚያዝ አያውቅም።» ቆሙ፣ ተቀመጡ። «አሁን ቁጭ ብሏል። ከቀደዱት በኋላ፣ በጀማሪ እጁ፣ አንድ ቦታ ቁጭ ብሎ ይህን ሠራ።»

ያን ጊዜ አለቀሱ። ድሮ ቆሞ ለነበረው ልጅ ነው ወይስ አሁን ለተቀመጠው፣ መለየት አልቻልኩም። ሸሚዙን አንሥቼ ስገለብጠው ከኮሌታው ውስጥ የእጥበት ማኅተም አገኘሁ። የሰሜን ሳይሆን ከአዲስ አበባ ወዲያ ያለ የቁስለኞች ማገገሚያ ስም ነው። ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። አስደገሙኝ። ደግመው አስደገሙኝ።

በእኔ ፍርድ ስንት ሳምንት ሞቶ የከረመ ሰው በዚያ ስም ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ሸራውን ብከፍተው ኖሮ በአንድ አፍታ ይታወቅ ነበር። ውስጡን ሳላይ በወረቀቱ ፈረድኩ፤ ከወረቀቱም ይልቅ በፍርሃቴ።

ሌሊት ከእሳቸው ጋር አደርኩ። ሁለታችንም አልተኛንም። ጎሕ ሲቀድ «ቢሮ ለቢሮ የሚያስኬድ ነገር አለበት» አሉኝ። «አንቺ አንብበሽ ታውቂያለሽ። አብረሽኝ ትሄጃለሽ።» ልመና አልነበረም።

ነሐሴ 20

የይለፍ ወረቀት ለማግኘት ሳምንት ፈጀብን። ትናንት ማገገሚያው ደረስን።

ግቢው ሰፊ ነው፤ ባሕር ዛፍ አለበት። ዝናቡ አባርቶ ስለነበር ቁስለኞቹን ልጆች ፀሐይ ላይ አውጥተዋቸዋል። በረድፍ ተቀምጠው አሮጌ ብርድ ልብስ እየተረተሩ ክሩን ይጠመጥማሉ፣ ይሠራሉ። ከእነዚያ ሁሉ ወንዶች የሚሰማው የክር ድምፅ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ሕልም ውስጥ የገባሁ መሰለኝ። እትዬ ኩብራ ግን በረድፉ መካከል በገበያ እንደሚሄዱ በቀጥታ ሄደው አንዱ ፊት ቆሙ።

ዓወል ቀና አለ። እናቱን ሲያይ ለመነሣት ሞከረ፤ ረስቶት ነው። ቀኝ እግሩ ከጭኑ በታች የለም። ሊወድቅ ሲል ትከሻውን ያዙት።

«ተቀመጥ» አሉት።

ተቀመጠ። እሳቸውም መሬት ላይ አጠገቡ ተቀመጡ። ለረጅም ጊዜ ፊቱን አላዩትም፤ በእጁ የያዘውን ሥራ ተቀብለው አገላብጠው፣ እዚህ ጋ ዘለህ ነበር ብለው አሳዩት። እሱም ገና ነው የተማርኩት አለ። ከዚያ በኋላ ነው የተቃቀፉት።

ለምን እንዳልጻፈ ጠየቅሁት። ምን ብዬ ልጻፍ አለኝ። ልብሱን ለማገገሚያው ጸሐፊ ሰጥቶ እንዲልክለት ብቻ ነው የነገረው። «ሱሪው ሁለት እግር አለው፤ ለታናሼ ይሁን ብዬ ነው» አለ። ቆቡ ለእናቱ የተላከ ነው፤ ሲያዩት እሱ መሆኑን ያውቃሉ ብሎ አስቦ። መለያውን ስነግረው ፈገግ አለ። ጸሐፊው ከዚያ ግቢ ለሚወጣ ሁሉ የሚጽፈው ያንኑ ነው፤ ሌላ ማሰብ ይሰለቸዋል። ዳቦ ብልክም ያገለገለ ልብስ ይለው ነበር፣ አለኝ።

እናትና ልጅን ለብቻቸው ልተዋቸው ብዬ ግቢውን ዞርኩት። ረድፉን ሁሉ አየሁ፤ ፊት በፊት። ከዛፎቹ ሥር ያሉትንም፣ በመስኮት ውስጥ የተኙትንም። እግሬን ለማፍታታት ነው። ስመለስ ዓወልን ስለ ዘርአ ዳዊት ጠየቅሁት። ስሙን ለብቻው ደጋግሞ አለው፣ ዓይኑን ጨፍኖ ፈለገው።

«አላውቀውም፣ እኅቴ» አለኝ። «ግን እኔንም የሚያውቀኝ አልነበረም።»

ጳጉሜን 3

አቶ ወርቅአገኘሁ ወደ ውስጥ አስጠሩኝ። ያልተፈረመበት ጥቅል ከቤት መውጣቱን ማስመዝገብ ነበረባቸው፤ ቢያስመዘግቡ ደግሞ የሚጠራኝ ፖሊስ እንጂ እሳቸው አልነበሩም። ስለዚህ ከመስኮቱ አንሥተው ለዘማች ድርቆሽ ወደሚያደርቁት ሴቶች አዛውረውኛል። ብርድ የሌለበት ሥራ ነው አሉኝ፤ ሊያጽናኑኝ ነው።

ልወጣ ስል፣ ምን ነበረበት ብለው ጠየቁኝ።

«ያገለገለ ልብስ» አልኳቸው።

«ወረቀቱ ልክ ነበራ» አሉ።

ልክ ነበር። ነገርኳቸው፤ ሱሪውን፣ ስፌቱን፣ ቆቡን፣ ዓወልን። ከወንበራቸው ተነሥተው ወደ መደርደሪያዎቹ ሄዱና ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቆሙ። ሌላ ግራጫ ሸራ እንዳለ አላየሁም፤ ላይም አልፈለግሁም።

ማታ ለዘርአ ዳዊት ጻፍኩለት። ስለ ጉንዳኖቹ ጻፍኩለት፤ ስለ ጣራው፤ አባባ ደህና መሆናቸውን። ከፋሲካ ወዲህ ያልጻፍኩት ፈርቼ መሆኑንም ጻፍኩ። ይህን ዓረፍተ ነገር እዚህ ደብተር ላይ ጽፌው እንደማላውቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

መስከረም 8 ቀን 1981፣ አንኮበር

ዓወልን በጉዳት አሰናብተውታል። ዛሬ ከእናቱ ጋር አንኮበር ደረሱ። መኪናው ከዚህ አያልፍም፤ ወደ አልዩ አምባ ያለው ያ ቁልቁለት ነው። እትዬ ኩብራ በሸክም የሚያወርዱት ሰዎች ሊለምኑ ወደ ገበያው ሲሄዱ፣ እኔና ዓወል ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ቀረን። ክራንቹን አጠገቡ አጋድሞ ወደ ታች ያያል። ታች ጉም ብቻ ነው። ድሮ ይህን መንገድ በቀን ሁለት ጊዜ እየሮጠ ይወጣና ይወርድ እንደነበር ነገረኝ። በሸክም አልወርድም፣ አገሬ እንደ ጆንያ አልገባም፣ አለኝ።

አባባ ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሱ ነበር። ቆሙ። ማን እንደሆነ ነገርኳቸው። የማን ልጅ ነህ፣ የት ነበርክ፣ እንዴት ሆነ፣ አንዱንም አልጠየቁትም። ወደ ቤት ገብተው ቆዩ፤ በቅሏቸውን ጭነው ጎትተው መጡ። ዓወል የአባባን ቆብና መስቀል አየና አመነታ።

«ቆላውን ታውቀዋለች» አሉት፣ ስለ በቅሎዋ።

ከአንድ መንገደኛ ጋር ሆነን ደግፈን አወጣነው። አባባ ጎንበስ ብለው የግራውን እርካብ አሳጠሩለት። ከዚያ በሌላኛው በኩል ዞረው፣ የቀኙን እርካብ ባዶውን እንዳይወዛወዝ በጠፍር ወደ ኮርቻው አሰሩት። ማሰሩ ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው፤ ዓወልም ሳያስቸኩላቸው ጠበቀ። እትዬ ኩብራ ተመልሰው ይህን ሲያዩ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ የአባባን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙና ለቀቁት። ከዚያ ልጓሙን ተቀበሉ። ለእኔም በዓይናቸው ነይ እንዳሉኝ ገባኝ፤ ሌላ ቀን፣ ወደ ቆላ፣ ጾም በሌለበት።

ወረዱ። ጉሙ መጀመሪያ የበቅሎዋን እግር ወሰደ፣ ከዚያ እትዬ ኩብራን፣ በመጨረሻ የዓወልን ትከሻ። ወደ ቤት እንግባ ልላቸው ዞር ስል አባባ ቆመው ያያሉ። ከፋሲካ ወዲህ በቤታችን ያልተነሣውን የወንድሜን ነገር ያነሡት ያን ጊዜ ነው፤ ስሙን ሳይጠሩ።

«እንዲህም ሆኖ ይምጣልኝ» አሉ።

እጄን በክንዳቸው ውስጥ አስገባሁ። ከታች፣ ከጉሙ ውስጥ፣ እትዬ ኩብራ በቅሎዋን ቀስ፣ ቀስ ሲሏት ይሰማ ነበር። ድምፁ እስኪጠፋ ሁለታችንም አልገባንም።